አጎቴን ከ26 ሺህ ፎቶ መሀል መፈለግ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አጎቴ በድንገት ዐረፈ። የአያቴ የበኩር ልጅ ነበር። ማታ አራት ሰዓት ገደማ፣ የእድሩ ሰዎች ድሬዳዋ ከዚራ ባለው የአያቴ ደጅ ድንኳን ሲተክሉ፣ አንድ የሰፈር ልጅ ጠጋ አለኝ። «ፎቶ ስጪኝ። ፎቶ ቤት አስከፍቻለሁ፣ በፍሬም አድርጌ አመጣዋለሁ» አለኝ። ለቀብሩ የሚያዘውን ፎቶ ማለቱ ነው።

የቤተሰባችን ፎቶ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ሦስቱን ሃርድ ዲስኮች ደረደርኩ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፈለግኩ። አጎቴ በየሠርጉ አለ፣ ግን በሰው ትከሻ ተሸፍኖ። ቁልቢ ላይ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ልደት ላይ ኬክ ሲቆርጥ እጁ ብቻ ይታያል። ፊቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ፎቶ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያነሳሁት ራሴ ነኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ግን አላወቅኩም። በመጨረሻ የመታወቂያውን ጉርድ ፎቶ በስልክ አንስተን አስጎላነው። የደበዘዘ፣ አገጩ ላይ የማኅተም ቀለም ያረፈበት ፎቶ ነው ወደ መቃብር የሄደው።

አያቴ ጠዋት ፍሬሙን አዩት። ትንሽ ዝም አሉና «ይሄ የኔ ልጅ ነው?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከአርባው በኋላ ፎቶዎቹን በሰው ፊት ላደራጃቸው ወሰንኩ። አንድ ስም ስጽፍ የዚያ ሰው ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ እንዲመጣልኝ ፈለግኩ። ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። የሠራሁትንም የተሳሳትኩትንም በዝርዝር ላስቀምጥ፤ እንደኔ የፎቶ ክምር ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

ምን ነበረን

ሦስት ሃርድ ዲስክ፣ አሥራ አንድ ፍላሽ፣ ሁለት የሞቱ ስልኮች፣ አንድ ካርቶን ሲዲ። ከሲዲዎቹ ግማሾቹ አይነበቡም። የእህቴ ሠርግ የተሰጠን በሲዲ ነበር፣ እሱም ከማይነበቡት ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ የአያቴ ሳጥን አለ። የብስኩት ቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ሦስት መቶ የሚያህል የወረቀት ፎቶ።

የወረቀት ፎቶ ከዚህም በላይ ነበረን። የአጎቴ ቤት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ እነሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተረፉ። አልበሞቹ ግን አልተረፉም። አጎቴ በወጣትነቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳዩ ፎቶዎች አብረው ሄዱ። የቀሩት ሌላ ሰው ቤት የነበሩት ናቸው፦ ጅቡቲ ያለችው አክስቴ ጋ፣ ጎረቤት ጋ፣ አዲስ አበባ የገቡ ዘመዶች ጋ። ስለዚህ መጀመሪያ ልመና ጀመርኩ። «ያላችሁን ላኩልኝ» አልኩ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩ፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ አልኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትን ቀንም ያጠፋዋል።

ሁሉም ሲሰበሰብ 41 ሺህ ፋይል ሆነ። አንድ ዓይነቱን ፎቶ አራት አምስት ቦታ ገልብጬው ኖሯል። ድግግሞሹ ሲወጣ 26 ሺህ ቀረ። ይህን ማጽዳት ከፊት መለያው በፊት መሥራት የግድ ነው። አለበለዚያ አንዱን ፊት አምስት ጊዜ ስም ትሰጣላችሁ።

የወረቀቶቹን ስካን ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። የጓደኛዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ስካነር ነበር የተጠቀምኩት፣ እና ለፍጥነት ብዬ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ አደረግኩት። ሰነድ ቢሆን በቂ ነው። ግን የአያቴ ሳጥን ውስጥ ያለው አብዛኛው የቡድን ፎቶ ነው። የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞች በአንድ ላይ ቆመው፣ የአንዱ ፊት ምስር አያክልም፣ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በ300 ሲቃኝ ያ ፊት 47 ነጥብ ስፋት ብቻ ያገኛል። በ600 ሲቃኝ 94። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን ፊቶች አያያቸውም፣ ቢያያቸውም ይቀላቅላቸዋል። ሦስት መቶውንም እንደገና ስካን አደረግኩ። ሁለት ቅዳሜ ሄደ።

የነጡ ፎቶዎችን ደግሞ ስካነርም አያድናቸውም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ላይ ነጋዴ ሆኖ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ፎቶው የነጣው የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ እንደሆነ በደብዳቤው ጽፏል። የአያቴን ሳጥን ስከፍት ያ ትዝ አለኝ። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጠላው አለ፣ ፊቱ የለም።

የትኛው ፕሮግራም

ወንድሜ ድሮ አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 ፒካሳ ላይ የፊት መለያ ሲጨምር፣ ወንድሜ ኢንተርኔት ካፌ እየሄደ አውርዶ፣ ለወራት ቁጭ ብሎ ስም ሰጠ። ብዙ ስም ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር ቀየረ። ፎቶዎቹን ገለበጠ፣ ስሞቹ ግን አልመጡም። ፒካሳ ስሞቹን የሚያስቀምጠው በየፎልደሩ በተደበቁ ትንንሽ ፋይሎች ነበር። እሱ ፎቶውን ብቻ መርጦ ነው የገለበጠው። ፒካሳም እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ።

ስለዚህ የመጀመሪያ መስፈርቴ አንድ ነበር፤ ስሙ ፎቶው ውስጥ ይጻፍ። ፎቶው የሄደበት ስሙም አብሮ ይሂድ።

ሁለተኛው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። ጎግል ፎቶስ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ የኛ ፎቶ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ባይበልጥም፣ የዘመድ ጎረቤቱን ፊት ሳላስፈቅድ ወደ ሌላ አገር ኮምፒውተር መጫን አልፈለግኩም። ፊት እንደ የይለፍ ቃል አይቀየርም። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ አዋጅ ባይኖርም ጨዋነቱ ይበቃል።

የመረጥኩት ዲጂካም ነው። ነፃ ነው፣ ምንጩ ክፍት ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ሲከፈት የፊት መለያ ሞዴሎቹን ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አማርኛ ስም ይቀበላል። ስሙን ከነፊቱ ሳጥን ፎቶው ውስጥ የሚጽፍበት ምርጫም አለው። ይህ ምርጫ መብራቱን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ።

ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ለሆነና ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበራ ማሽን ላለው ሰው ኢሚች የሚባል ደግሞ አለ። መብራት እንደኛ ሰፈር ለሚጠፋበት ሰው ግን ዲጂካም ይቀላል። ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ የጀመረውን ይቀጥላል።

ማሽኑ የሚያየው

ፕሮግራሙ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ፊት ያለበትን ቦታ ፈልጎ በሳጥን ይከብባል። ቀጥሎ ያንን ፊት ወደ ቁጥሮች ይቀይረዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም 128 ቁጥር ይጠቀማል፣ አንዳንዱ 512። የአንድ ሰው ሁለት ፎቶዎች ቁጥራቸው ይቀራረባል። የሁለት ሰዎች ይራራቃል። ስም ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ርቀት ነው የሚለካው። ስሙን ሰው ይሰጠዋል። ሰው ካረጋገጠለት በኋላ፣ ሌላ የሚቀርብ ፊት ሲያገኝ «ይሄስ እሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ቅኝት ሁለት ሌሊት ፈጀ። ቀን ላይ አልሞከርኩም። ድሬ ላይ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት እንኳን ላፕቶፕ ሰውም አይሠራም። ማታ መስኮት ከፍቼ፣ ላፕቶፑን ከወለሉ ከፍ አድርጌ ተኛሁ። አንዴ መብራት ሄዶ ባትሪው አለቀ። ጠዋት ስከፍተው ካቆመበት ቀጠለ።

አጎቴ በመጀመሪያው ቀን ተገኘ። አምስት ፎቶ ላይ ስሙን ጻፍኩ፣ ማሽኑ 140 አካባቢ አመጣልኝ። ያ እኔ ያነሳሁት፣ ፊቱ ቁልጭ ያለው፣ «ስልክ ባክአፕ 2» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር። በዚያ ሌሊት ፎልደሩን ከፍቼዋለሁ። ስክሪንሽት ብቻ መስሎኝ ዘግቼዋለሁ። ያን ለት አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ገባሁ፣ ችግሩም እዚያ ጀመረ።

ያላገባችው እህቴ 25 ዓመቷ ነው። በሃያ ፎቶ ላይ ስሟን አረጋገጥኩላት። ማሽኑ ቀጥሎ ያመጣልኝ የአያቴን የሠርግ ፎቶ ነበር። «እህትሽ ናት?» ነው ጥያቄው። ፎቶውን አቀረብኩት። ሰፊ ግንባር፣ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ዓይን፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለችው ጉድጓድ። ለአያቴ ለራሳቸው አሳየኋቸው። «እኔ ነኝ እንጂ! እሷ መቼ ሚዜ ነበራት?» አሉ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ከየዕድሜው አንዳንድ ፎቶ መርጬ ራሴ ስም ሰጠሁ፦ ከልጅነት፣ ከጉርምስና፣ ከጎልማሳነት፣ ከሽምግልና። ማሽኑ አንዱን ዕድሜ ብቻ ካየ ሌላውን ለዘመድ ይሰጠዋል።

ሕፃናት ላይ ግን ተስፋ ቆረጥኩ። የሦስት ወር ልጅ ሁሉ ለሱ አንድ ነው። ለነሱ በእጄ ነው የጻፍኩት።

የአጎቴ ልጆች መንታ ናቸው። እነሱንም መለየት አልቻለም። እናታቸውን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ግራ ቅንድብ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለው አንዱ ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ እያለ ከብስክሌት ወድቆ። ከጠባሳው በፊት ያለውን ግን እሷም በልብሱ ነው የምትለየው። «ሰማያዊውን ለሱ ነበር የማለብሰው» አለች። ማሽን ይህን ከየት ያምጣው?

ሌላው ስህተት የኔ ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ አርባ የሚሆን ጥያቄ በአንድ ጊዜ «አዎ» ብዬ አለፍኩ። ከነሱ ውስጥ የሦስት ሰው ፊት ተቀላቅሎ ነበር። በማግሥቱ የአንዷ ዘመዳችን ስም በየቦታው ተዘራ። የተሳሳተ «አዎ» እንደ እርሾ ነው፣ ቀጣዩን ሊጥ ሁሉ ይነካዋል። ስሟን ከሁሉም አንስቼ፣ ማሽኑ የተማረውን አጥፍቼ እንደ አዲስ አስተማርኩት። ከዚያ በኋላ የትክክለኛነት ማንሸራተቻውን ወደ ጥብቁ ገፋሁት። ጥቂት ያመጣል፣ ግን የሚያመጣው ልክ ነው። በአንድ ቁጭታም ከግማሽ ሰዓት በላይ አልሠራም።

ማሽኑ እኛን ይበልጥ የሚቀላቅል መስሎኝ ነበር። መምሰል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከፊት ፎቶ ጾታን የሚለዩ ሦስት የኩባንያ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር። ቆዳቸው ነጣ ላለ ወንዶች ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ለጠቆር ያሉ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም 189 የፊት መለያ ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ አንዱን ሰው ሌላ ነው የማለቱ ስህተት ከፍ የሚለው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ እንደሆነ አሳየ። ምሥራቅ አፍሪካ እኛ ነን። ፕሮግራሞቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም የማሽኑን ሐሳብ ሳላይ አላልፍም።

የቅዱስ ገብርኤልንም ነገር ልናገር። ፕሮግራሙ አንድ ስሙ ያልታወቀ ሰው በብዙ ፎቶ አገኘሁ አለኝ። ሳየው ሥዕል ነው። ቤተሰባችን ቁልቢ በሄደ ቁጥር አንድ ዓይነት ሥዕል ገዝቶ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ አያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይም አለ። ላጠፋው ስል አያቴ እጄን ያዙኝ። «ተይው። ስሙን ጻፊ» አሉ። ጻፍኩ። አሁን ገብርኤል የሚለውን ስጫን የሠላሳ ዓመት የታኅሣሥ 19 ጉዟችን በተራ ይወጣል። ከሁሉም የተሻለ ያገለገለኝ ስም ነው።

እሑድ ጠዋት፣ በረንዳ ላይ

አያቴ 79 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደህና ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳ ላይ ላፕቶፑን አደርግላቸዋለሁ። ጎረቤታቸው አዴ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ይዘው ይመጣሉ። ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው። ሁለቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ አጥር ኖረዋል።

ፎቶ አሳያለሁ፣ ስም ይነግሩኛል። መጀመሪያ በፎቶው ቅደም ተከተል ነበር የማሳያቸው። በጣም ዘገየ። አንዱ ፎቶ አንድ ታሪክ ያስነሳል፣ ታሪኩ ሌላ ታሪክ ያስነሳል፣ ጠዋቱ ያልቃል። በኋላ አካሄዴን ቀየርኩ። ማሽኑ አንድ ላይ ያደረጋቸውን ያልታወቁ ፊቶች ብቻ በትልቁ አሳያለሁ። አንድ ስም ሲሉ አሥር ፎቶ ይዘጋል። ታሪኩንም አልተውኩትም። ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዋናውን በኋላ ከፎቶው ሥር እጽፈዋለሁ።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አያቴ ያገቡት በጥር 1956 ነው። የእናቴ ክርስትና በጥር 1964። ስካን የተደረገ ፎቶ ስካን የተደረገበትን ቀን ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ትክክለኛውን ራሴ አስገባሁ። ከጀርባው እንደተጻፈው «1964» ብዬ። ከዚያ ሁሉንም በጊዜ ቅደም ተከተል ሳየው አያቴ ባገቡበት ወር ሦስተኛ ልጃቸውን ክርስትና አንስተዋል! ሠርጉን ፕሮግራሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 1964 አድርጎ ይዞታል፣ ያን ቀን አስልቼ ስላስገባሁት ነበር። ክርስትናውን ግን ሳላሰላ በኛው ጻፍኩት።

ይባስ ብሎ የአያቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የባቡር ወርክሾፕ መካኒክ ነበሩ። ድርጅቱ የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነው፣ ሸመንደፈር ሲሉት ኖረዋል። እሳቸው ከፎቶ ጀርባ በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ። ፎቶ ቤቱ በአማርኛ ይጽፋል። የእናቴ ክርስትና ሁለት እትም አለው፤ አንዱ ጀርባ «ጥር 1964» ይላል፣ አንዱ «ዣንቪየ 1972»። ሁለቱም ልክ ናቸው። ያን ካየሁ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ፕሮግራሙ ቀን በሚጠይቅበት ቦታ ሁልጊዜ የፈረንጁን አስገባለሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት እጨምራለሁ። በጽሑፉ ቦታ ደግሞ ከጀርባው ያለውን እንዳለ እገለብጣለሁ፣ በቋንቋውና በአጻጻፉ። ጀርባው ባዶ ከሆነ አያቴን እጠይቃለሁ። እሳቸው ዓመት አይናገሩም። «ዛፉ ገና ትንሽ ነው፣ በረንዳው አልተሠራም፣ እናትሽን አርግዤያለሁ» ይላሉ። እኔ ከዚያ ዓመቱን አወጣለሁ።

ያልታወቀ 3

ስም ያልተገኘላቸውን ቡድኖች «ያልታወቀ 1»፣ «ያልታወቀ 2» እያልኩ ነው የያዝኳቸው። ሦስተኛው ቀጭን ወጣት ነበር። ዘጠኝ ፎቶ። ከአራት የተለያየ ቦታ ነው የመጡት፦ ሁለቱ ከአያቴ ሳጥን፣ ሦስቱ ከጅቡቲዋ አክስቴ፣ አንዱ ከወርክሾፕ ቡድን ፎቶ፣ ሦስቱ ከአዴ ሠርግ። እነዚህን ፎቶዎች አንድ ላይ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አያቴ መጀመሪያውን ሲያዩ ዝም አሉ። አዴ ናቸው ቀድመው ያወቁት። «ወንድምሽ አይደል?» አሉ በቀስታ።

ታናሽ ወንድማቸው ነው። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጅ ሲደርስ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። አያቴ የሱ ነው ብለው የለዩት አንድ ፎቶ ብቻ ነበራቸው፣ መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት፣ እሱንም ለማንም አሳይተው አያውቁም። እኔ ስለሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስሙን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ፊደል በፊደል እያዩኝ ጻፍኩ።

ከዚያ ዘጠኙን አንድ በአንድ አጎላሁላቸው። ሰባተኛው ላይ አስቆሙኝ። «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ለኔ አንድ ሰው ናቸው። «ጆሮውን እዪው። የሱ ጆሮ ከጭንቅላቱ ጋር የተጣበቀ ነበር። ይሄ ዘርጠጥ ያለ ነው።» ስምንተኛውም አልሆነም። ሰባቱ እሱ ናቸው። ሁለቱን ለይቼ ወደ ያልታወቀ መለስኳቸው፣ እስካሁን እዚያው ናቸው። ጅቡቲ ልኬያለሁ፣ አክስቴም አላወቀቻቸውም።

ሰባቱን በትልቁ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ አይገቡም፣ ይበዛሉ። የብስኩት ሳጥኑን ባዶ አድርገው እዚያ አስቀመጧቸው።

የማይታይ

አዴ የሠርጋቸውን ፎቶ ሲሰጡኝ አንድ ነገር አስይዘውኝ ነበር። በዚያ ዘመን ፀጉራቸው ይታያል። አሁን ይሸፈናሉ። «አንቺ እዪው፣ አያትሽ ትየው። ሌላ ወንድ አይየው» አሉኝ። የአያቴ ወንድም ፎቶዎች ያሉት ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ከሦስቱ ፎቶ የሱን ብቻ ቆርጬ ለቤተሰቡ አጋራሁ። ዋናዎቹን «አይጋራ» የሚል ምልክት ሰጥቼ፣ የአዴን ስምና ሳጥን አነሳሁ፣ ለብቻቸው በተቆለፈ ፎልደር አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችንም መጠየቅ ጀመርኩ። ጂዳ ያለ የአጎቴ ልጅ ስሙ እንዳይጻፍ ፈለገ። ከቤተሰባችን በፍቺ የወጣች ሴት ደግሞ፣ ስሟ እንዳይጻፍ ትፈልጋለች ብዬ ነበር፣ «ልጆቼ እንዲያገኙኝ ተይው» አለች። ገምቶ መወሰን ልክ አይደለም፣ መጠየቅ ነው። በሠርግና በገበያ ፎቶ ጀርባ የሚታዩ መንገደኞችን ደግሞ ፕሮግራሙ «ተወው» የሚል ምርጫ አለው፤ ሁሉንም ተውኳቸው።

ማስቀመጡን በአጭሩ። ሦስት ቅጂ አለ፦ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሳቢያን እህቴ ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ። ደቻቱ የወሰደው አልበም አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረው ነው የተወሰደው። ስሙ በእርግጥ ፎቶው ውስጥ መጻፉን ደግሞ ሞክሬ አየሁ። አንድ ፎቶ በፍላሽ ይዤ ዲጂካም የሌለበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፕሮግራም ከፈትኩ። ስሙ አለ። ይህን ሳትሞክሩ ሠርቻለሁ አትበሉ፤ ወንድሜ ሳይሞክር ነው ያጣው።

ሙት ዓመቱ

በዚህ ጥቅምት የአጎቴ ሙት ዓመት ነበር። ከሳምንቱ በፊት ላፕቶፑን ይዤ አያቴ ጋ ሄድኩ። የአጎቴን ስም ጻፍኩ። 140ውም ወጡ። ያን ቁልጭ ያለውን መጀመሪያ አሳየኋቸው። «ቆንጆ ነው» አሉ፣ አልመረጡትም። አንድ በአንድ አዩ። ሆጃው ቀዘቀዘ።

«አንድ አለ» አሉ። «ሬዲዮ የሚፈታበት። እዚሁ በረንዳ ላይ። የአዴ ልጅ የተዳረች ሰሞን።»

በስሙ የለም። የአዴ ልጅ ሠርግ በየትኛው ዓመት እንደነበር ታወቀ፣ በቀን ፈለግኩ። ተገኘ። አጎቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሽርጥ ለብሷል፣ ጭኑ ላይ የተከፈተ ሬዲዮ፣ በጥርሱ የያዘው ትንሽ ብሎን። ፊቱ በጎን ነው፣ ወደ ታች አጎንብሷል። ማሽኑ ፊት መሆኑን አላወቀም። ምንም ሳጥን አልሠራበትም።

«እሱ ነው» አሉ አያቴ።

ሳጥኑን በእጄ ስዬ ስሙን ጻፍኩ። ከዚያ ፍላሹን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ።